የጓሮ ዐምድ፦ እምቢ ያለ ዘር እንዴት ይበቅላል?



ባለፈው ሳምንት በዚህ ዐምድ ስለ ፍግ አዘገጃጀት አንብበናል። ዛሬ ስለ ዘር እናነባለን። የምናነበው ስለ ጓሮ ቅመም ዘር ነው። እነሱም በሶብላ፣ ጤና አዳም፣ ድንብላል፣ ጥቁር አዝሙድና ጦስኝ ናቸው።

ገብስና ባቄላ ሲዘሩ ቶሎ ይበቅላሉ። ቅመም ግን አንዳንዴ ጭራሽ ብቅ አይልም። ሰው ጠዋት ጠዋት መደቡን ያያል። ዛሬ የለም፤ ነገም የለም። ሁለት ሳምንት ያልፋል። በመጨረሻ «ይኸ ዘር እምቢ አለ» ይባላል። መደቡም ተገልብጦ ጎመን ይተከልበታል።

ዘሩ ለምን እምቢ አለ? ዛሬ የምንማረው ይህንን ነው።

የአንዲት እናት ጥያቄ

ከማታው ትምህርት በኋላ አንዲት እናት ቀረብ ብለው እንዲህ አሉኝ።

«ልጄ፣ እኔ በሶብላ ዘርቼ በቅሎልኝ አያውቅም። ሦስት ዓመት ሞከርኩ። ጎረቤቴ ዝም ብላ ትበትነዋለች፤ ይበቅላል። እኔ ስዘራው ይጠፋል። አማቴ ‹እጅሽ አይቀናም› ይሉኛል። እውነት የሰው እጅ ዘር ይከለክላል እንዴ?»

«የለም፣ እትዬ። ዘር የሰው እጅ አይመርጥም» አልኳቸው። «እስቲ አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ለጠላ ብቅል ያበቅላሉ?»

እትዬ ሳቁ። «ምነው ልጄ! ብቅል ማብቀል የማታውቅ ባለቤት የት አለች?»

«እንግዲያው እጅዎ ይቀናል» አልኳቸው። «ብቅሉ ላይ የሚያደርጉትን በሶብላው ላይ አላደረጉም ይሆናል እንጂ።»

ይህ የእሳቸው ብቻ ጥያቄ አይደለም። በርበሬ ያለ በሶብላ አይጥምም። በጓሮ ከሌለ በገንዘብ ይገዛል። ከገንዘቡ የሚብሰው ግን ሌላ ነው። «እጅሽ አይቀናም» የተባለች ሴት መሞከሯን ትተዋለች። ጥፋቱ የሷ ሳይሆን ጥፋተኛ ትሆናለች። ስለዚህ ነገሩን ከሥሩ እንመልከተው።

ብቅል ምን ያስተምረናል?

ብቅል ስናበቅል ምን እናደርጋለን? እናስታውስ።

መጀመሪያ ገብሱ በውሃ ይዘፈዘፋል። ዘር ውሃ ካልጠጣ አይነቃም።

ቀጥሎ ውሃው ይደፋል፤ ገብሱ ይንጠፈጠፋል። ለምን? ዘርም ይተነፍሳል። ውሃ ውስጥ ሰጥሞ የቆየ ዘር አየር ያጣና ይበሰብሳል።

ከዚያ ገብሱ በቅጠል ይጠቀለላል። ከላዩ ይሸፈናል። በዚህ ጊዜ ገብሱ ይሞቃል፤ እርጥበቱም አያመልጥም።

ሁለት ሦስት ቀን እንጠብቃለን። ከዚያ ስንገልጠው ገብሱ አጎንቁሏል።

እንግዲህ ውሃ፣ አየር፣ ሙቀት፣ ትዕግሥት ማለት ይኸው ነው። ይህን የደነባ እናቶች ከማንም ደብተር ሳይሆን ከእናቶቻቸው ተምረውታል። የቅመም ዘርም የሚፈልገው እነዚህኑ ነው። አንድ ነገር ብቻ ይጨምራል። የቅመም ዘር በጣም ትንሽ ስለሆነ ጥልቀት ላይ ጥንቃቄ ይፈልጋል። አንዳንዱ ብርሃን ይወዳል፤ አንዳንዱ ጨለማ ይወዳል።

በአገራችን አፈርና ብርድ ላይ ምን ይደርስበታል?

ደነባ ደጋ ናት። ከባሕር ወለል በላይ ከ2,500 ሜትር በላይ ከፍታ አላት። ቀን ፀሐዩ ቢበረታም ሌሊቱ ይበርዳል። በሶብላ ደግሞ ሙቀት ወዳጅ ነው። በደንብ የሚበቅለው ሙቀቱ ከ20 እስከ 25 ዲግሪ ሲሆን ነው። ይህም የእንጀራ ሊጥ ቶሎ ኩፍ የሚልበት ዓይነት ሙቀት ነው። በብርድ አፈር ውስጥ የተቀበረ በሶብላ ይተኛል። ሲቆይም ይበሰብሳል።

አፈራችን ደግሞ ጥቁር አፈር ነው። ጥቁር አፈር ሲረጥብ ያብጣል፤ ውሃ ይቋጥራል፤ አየር ይዘጋል። ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ ላዩም እንደ ቅርፊት ይጠነክራል። የባቄላ ቡቃያ ጉልበት አለው፤ ያንን ቅርፊት ይበሳል። የበሶብላ ቡቃያ ግን ከክር የቀጠነ ነው። ከበቀለ በኋላ እንኳ ቅርፊቱን መብሳት አቅቶት ከሥር ይሞታል። እኛም ከላይ ሆነን «አልበቀለም» እንላለን።

ገበሬዎቻችን የጥቁር አፈርን ጠባይ ያውቁታል። በእነዋሪ በኩል ገበሬው ከነቤተሰቡ ማሳውን በእጅ መደብና ቦይ እያደረገ ውሃውን ያንጠፈጥፋል። ይህ ብልሃት በተመራማሪዎች ዘንድ ሳይቀር የታወቀ ነው። ለስንዴ የሚደረገው ለቅመምም ይደረግ። የቅመም መደብ ከመሬት አንድ ስንዝር ከፍ ይበል።

ዘሩ ከየት መጣ?

ብዙ ሰው ይህን ጥያቄ አይጠይቅም። ዋናው ችግር ያለው ግን ብዙ ጊዜ እዚህ ላይ ነው።

ለበርበሬ የሚሆን በሶብላ አበባው ገና ሳለ ይታጨዳል። ሽታው ያኔ ይጣፍጣልና። ነገር ግን በዚያን ጊዜ ውስጡ ያለው ፍሬ ጥሬ ነው። ጥሬ ፍሬ ቢዘሩት አይበቅልም። ከገበያ የተገዛ ደረቅ በሶብላ ተፈርክሶ ቢዘራ፣ ፍሬው በስሎ ካልነበረ ዋጋ የለውም።

ስለዚህ ሁሉንም አትጨዱ። ደህና ደህናውን ሦስት አራት ግንድ ለዘር ተዉት። ዛላው ራሱ ከግንዱ ላይ ይቡነን፤ ይድረቅ። በእጅ ሲፈረከስ ጥቁር ፍሬ ከወጣው ያ ዘር ነው። የጎረቤት በሶብላ የሚበቅለው እጇ ስለቀናላት ላይሆን ይችላል። ከጓሮዋ የደረቀ፣ የበሰለ ፍሬ ስለዘራች ይሆናል።

ጊዜውንም እንወቅ። በደጋ ከጥቅምት ወዲያ ውርጭ ይመጣል። በሶብላ ውርጭ አይችልም፤ በአንድ ሌሊት ይጠቁራል። ዘግይቶ የተዘራ በሶብላ ፍሬው ሳይበስል ውርጭ ይደርስበታል። ለሚመጣው ዓመትም ዘር አይተርፍም። ለዚህ ነው በግንቦት በጣሳ ማፍላት ያለብን። ሰኔ ሲገባ ችግኙ ዝግጁ ይሆናል።

ሳትዘሩ ፈትኑት

መደብ ከማበላሸታችን በፊት ዘሩን እንፈትን። ለዚህ አንድ ቁራጭ ነጭ ጨርቅና መቁጠር ብቻ ይበቃል።

1. ጨርቁን በንጹሕ ውሃ ንከሩት። ጨምቁት። እርጥብ ይሁን እንጂ አይንጠብጥብ።

2. 20 ፍሬ ቆጥራችሁ ጨርቁ ላይ በትኗቸው። አንዱ ካንዱ አይነካካ።

3. ጨርቁን አጥፉት። በሰሃን ላይ አድርጉና በሌላ ሰሃን ክደኑት።

4. ሞቅ ያለ ቦታ አስቀምጡት። ማታ ከምድጃው ራቅ አድርጋችሁ አኑሩት። እሳቱ አጠገብ ከሆነ ይደርቃል።

5. በየቀኑ እዩት። ጨርቁ ከደረቀ ውሃ እርጩበት።

6. ያጎነቆሉትን ቁጠሩ። በደብተራችሁ ጻፉ።

በሶብላ ደህና ሙቀት ካገኘ ከ5 እስከ 10 ቀን ውስጥ ያጎነቁላል። ውሃ ሲነካው እንደ ተልባ ዝልግልግ ነገር ይለብሳል። አትደንግጡ፤ ጠባዩ ነው። ውሃ ውስጥ ብትዘፈዝፉት ግን እርስ በርሱ ይጣበቃል። ስለዚህ በሶብላን በጨርቅ እንጂ በኩባያ አትዘፍዝፉ።

አሁን ሒሳቡን እንሥራ። ከ20 ፍሬ 15 በቀለ እንበል። ከመቶው ስንቱ ይበቅላል? 20 በ5 ሲባዛ 100 ነው። ስለዚህ 15ንም በ5 እናባዛው። 15 × 5 = 75። ከመቶው 75ቱ ይበቅላል ማለት ነው። ይህ ጥሩ ዘር ነው።

ከ20 የበቀለው 10 ከሆነ እጥፍ አድርጋችሁ ዝሩ። ከ5 በታች ከሆነ ግን ድካም ነው። ከጎረቤት ሌላ ዘር ለምኑ፤ ወይም ተለዋወጡ።

ይህ ፈተና የኛ የጓሮ ፈተና ብቻ አይደለም። አዲስ አበባ ውስጥ የአገራችን የዘር ማከማቻ አለ። የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1976 ነው። ዛሬ የኢትዮጵያ ብዝኃ ሕይወት ኢንስቲትዩት ይባላል። ከየአገሩ ገበሬ የተሰበሰበ ዘር በዚያ ደርቆ፣ ታሽጎ፣ በብርድ ክፍል ይቀመጣል። ባለሙያዎቹም በየጊዜው ከዘሩ ቆጥረው እያበቀሉ ሕይወት እንዳለው ያያሉ። ያንን ማእከል ለብዙ ዓመታት የመሩት ዶክተር መላኩ ወረደ ናቸው። የገበሬው ዘር በገበሬው እጅ እንዲቆይ ደክመዋል። እ.ኤ.አ. በ1989 ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት አግኝተዋል። እኛም በጨርቅ ስንቆጥር የነሱን ሥራ በጓሯችን እየሠራን ነው።

አዘራሩ በተራ

ጣሳ፣ ወይም የተሰበረ እንስራ ገል ፈልጉ። ጣሳውን ከሥሩ በምስማር ብሱት። ውሃ ማንጠፍጠፊያ ነው።

አፈሩን እንዲህ አዘጋጁ። አንድ እጅ ጥቁር አፈር፣ አንድ እጅ አሸዋ፣ አንድ እጅ በደንብ የበሰበሰ ፍግ። ቀላቅሉት። በአሮጌ ወንፊት ንፉት። ትኩስ ፍግ አታግቡ፤ ቡቃያውን ያቃጥላል።

አፈሩን አስቀድማችሁ አርጥቡት። ከተዘራ በኋላ ብዙ ውሃ ከፈሰሰበት ዘሩ ወደ ሥር ይሰጥማል።

ዘሩን ከአንድ እፍኝ ደረቅ አሸዋ ጋር ቀላቅሉት። ያኔ ሲበተን አይከመርም። በትኑት። በመዳፋችሁ ቀስ አድርጋችሁ ተጫኑት።

ከላዩ የተነፋ አፈር ነስንሱበት። ስንት? ደንቡ ቀላል ነው። የአፈሩ ውፍረት ከፍሬው ውፍረት ሁለት እጥፍ አይበልጥ። በሶብላን የሚሸፍን አፈር እንጀራ ላይ እንደሚነሰነስ ሚጥሚጣ ያህል ነው።

ጣሳውን በሣር ወይም በላስቲክ ክደኑት። ቀን ፀሐይ የሚሞቅ ግድግዳ ሥር አኑሩት። ማታ ወደ ቤት አስገቡት። ይህን አትርሱ። ደጋ ላይ በሶብላን የሚገድለው ሌሊቱ ነው።

ውሃ ስታጠጡ አታፍስሱ፤ እርጩ። ወይም ጣሳውን ጥቂት ውሃ ባለበት ሳህን ላይ አስቀምጡት። ውሃውን ከሥሩ ይጠጣል። ላዩ ሲረጥብ አንሱት።

ቡቃያው ብቅ ሲል ክዳኑን አንሱ። ብርሃን ይፈልጋል። ቡቃያው ተፋፍጎ ከበቀለ፣ ውሃም ከበዛበት፣ አንገቱ ላይ ጠቁሮ ይወድቃል። ስለዚህ አሳሱት፤ ውሃውንም ቀንሱ።

ከመጀመሪያዎቹ ሁለት ቅጠሎች በላይ ሌላ አራት ቅጠል ሲያወጣ ወደ መደቡ አዛውሩት። ማታ ማታ ሲሆን ወይም ደመና ባለበት ቀን ይሁን። ዶሮ እንዳይጭረው እሾህ አድርጉበት።

የእያንዳንዱ ቅመም ጠባይ

ሰው ጠባዩ እንደሚለያይ ዘርም እንዲሁ ነው።

ድንብላል። አንዷ ድንቡልቡል ፍሬ አንድ ዘር ትመስላለች። ውስጧ ግን ሁለት ዘር አለ። በመዳፍ ወይም በድንጋይ ቀስ ብላችሁ እሹት፤ ለሁለት ይከፈላል። አታድቅቁት። አንድ ሌሊት ዘፍዝፉት። ጠዋት አንጠፍጥፉና በመደቡ ላይ በቀጥታ ዝሩት። ድንብላል መዛወር አይወድም። ከሁለት እስከ ሦስት ሳምንት ይቆያል፤ ታገሡት።

ጥቁር አዝሙድ። ጨለማ ይወዳል። ብርሃን ካየ ይሰንፋል። ስለዚህ በአፈር በደንብ ይሸፈን። እሱንም በቀጥታ በመደቡ ላይ ዝሩት።

ጦስኝ። ይህ የደጋችን ልጅ ነው። በመንዝ ጓሳና በጣርማ በር በኩል በሜዳው ላይ ይበቅላል። ፍሬው እንደ አቧራ የደቀቀ ነው። ከጥቁር አዝሙድ ተቃራኒ ነው፤ ብርሃን ይፈልጋል። አፈር አታልብሱት። እርጥብ አፈር ላይ በትናችሁ ተጫኑት፤ ብርሃን በሚያሳልፍ ላስቲክ ክደኑት። ከዘሩ ይልቅ የሚቀለው ግን ሥር ያወጣ ቅርንጫፍ ቆርሶ መትከል ነው። ከሜዳ ስታመጡ ከነሥሩ አትንቀሉት። የነቀልነው ሁሉ ለልጆቻችን አይደርስም።

ጤና አዳም። ከዘር ሲበቅል ዘገምተኛ ነው። እስከ አራት ሳምንት ሊቆይ ይችላል። የሚቸኩል ሰው የስንዝር ቅርንጫፍ ቆርጦ ይትከል። አንድ ማስጠንቀቂያ አለ። የጤና አዳም ፈሳሽ ቆዳ ነክቶ ፀሐይ ሲያገኘው ውሃ ያስቋጥራል። ከነካካችሁት በኋላ እጃችሁን ታጠቡ።

ኮሰረትና የጥብስ ቅጠል። እነዚህን በዘር አትልፉ። ቅርንጫፍ ቆርጣችሁ እርጥብ አፈር ውስጥ ትከሉ።

ዘር እንዴት ይቀመጣል?

ዘር የተኛ ሕይወት ነው። የሚያስረጀውም ሁለት ነገር ነው፤ እርጥበትና ሙቀት።

አንድ የሚያስገርም ነገር ልንገራችሁ። በእስራኤል አገር ማሳዳ የሚባል የጥንት ምሽግ አለ። በ1950ዎቹ ዓ.ም. እዚያ ሲቆፈር የተምር ፍሬ ተገኘ። ፍሬው 2,000 ዓመት ያህል የቆየ ነበር። በ1997 ዓ.ም. አንዱ ተተክሎ በቀለ። ይህን ሁሉ ዘመን ያቆየው ደረቅ ቦታ መሆኑ ነው። በሶብላ 2,000 ዓመት ይቆያል ማለታችን አይደለም። ደረቅ ቦታ ዘርን እንደሚያቆይ ግን ከዚህ እናያለን።

ዘራችንን ከምድጃ በላይ ስንሰቅል ምን እናደርጋለን? ጢሱ ነቀዝ ያባርር ይሆናል። የድስቱ እንፋሎትና የእሳቱ ሙቀት ግን በየቀኑ ያስረጀዋል። ስለዚህ ዘሩን በጥላ በደንብ አድርቁት። በወረቀት ጠቅልላችሁ በደረቅ ቅል ወይም በብልቃጥ ክደኑት። ከእሳት ራቅ ባለ ቀዝቃዛ ጥግ አኑሩት።

በወረቀቱም ላይ ጻፉበት። እንዲህ ብላችሁ፦

«በሶብላ። ከጓሮዬ። ጥቅምት 25 ቀን። ዓመተ ምሕረት ____።»

ከዚህ በፊት ሁሉም ብልቃጥ አንድ ይመስል ነበር። የዘንድሮውና የካቻምናው ይቀላቀል ነበር። አሁን ማንበብና መጻፍ ችላችኋል። ስለዚህ የትኛው ዘር አሮጌ፣ የትኛው አዲስ እንደሆነ ማንንም ሳትጠይቁ ታውቃላችሁ። በሚመጣው ግንቦት አንድ ዘር እምቢ ቢል ወረቀቱን አንብቡ፤ ደብተራችሁን ግለጡ። «እጅሽ አይቀናም» ለሚል ሰውም መልሱ ከዚያ ላይ ይገኛል።

የሳምንቱ ሥራ

በቤታችሁ ካለው የቅመም ዘር 20 ፍሬ ቁጠሩ። በጨርቅ ፈትኑት። ስንት እንደበቀለ በደብተራችሁ ጽፋችሁ ወደ ክፍል አምጡ። ጥሩ ዘር ያለው ለሌለው ያካፍል።

ጥያቄዎች

1. ብቅል ሲበቅል ውሃው ለምን ይደፋል?

2. ለበርበሬ የታጨደ በሶብላ ለዘር የማይሆነው ለምንድን ነው?

3. ብርሃን የሚወደው የትኛው ቅመም ነው? ጨለማ የሚወደውስ?

4. ከ20 ፍሬ 12 ቢበቅል ከመቶው ስንት ይሆናል?

5. ዘር ከምድጃ በላይ መስቀል ምን ጉዳት አለው?

በሚቀጥለው ሳምንት ስለ ችግኝ አዛወር እናነባለን። እስከዚያው ደህና ሰንብቱ።